ቤትህ የት ነው?
(የውኃ ላይ ኑሮ፣ የየብስ ሕግና የጣና አስጋሪዎች)

ሕግ ሰውን ሲያገኘው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስሙን ነው። ቀጥሎ የሚጠይቀው ቤቱን ነው። ግብር ሰብሳቢው፣ መጥሪያ የሚያደርሰው፣ ዘማች የሚቆጥረው፣ መታወቂያ የሚሰጠው፣ ሁሉም «ቤትህ የት ነው?» ይላል። ለገበሬ ይህ ጥያቄ ከባድ አይደለም። «ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ ከጅረቱ ማዶ» ብሎ በጣቱ ያሳያል። ቤቱ የቆመበት መሬት ራሱ ምስክሩ ነው። ግን ኑሮው በውኃ ላይ የሆነ ሰው በጣቱ ወዴት ያሳይ? ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ነፋሱ ወደ ወሰደው ነው። ሕግ እንዲህ ያለውን ሰው አይወድም። ስለማይወደውም ወይ ወደ የብስ ይጎትተዋል፣ ወይ እንደሌለ ይቆጥረዋል።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ይህንኑ ነው፤ በጀልባና በውኃ ዳር የሚኖሩ ሰዎችን ኑሮ የሚያጠብቡ ሕጎች በሌላው ዓለም ምን እንደሠሩ፣ በእኛስ አገር በጣና ዙሪያ ምን መልክ እንደያዙ። አንባቢ «የደጋ ልጆች ስለ ጀልባ ምን አገባችሁ?» ይለን ይሆናል። እውነት ነው፣ እኛ የገሳይና የደብረ ታቦር ልጆች ከታንኳ ይልቅ ገብስና ድንች ይቀርበናል። ወደ ፎገራ ሜዳ የወረደ አባት እንኳ ንዳዱን ፈርቶ ሳይመሽ ሽቅብ ይመለስ ነበር እንጂ እዚያ ማደር አይወድም። ቢሆንም የጉና ዝናብ ማደሪያው የት ነው? ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው የሚገቡት ጣና አይደለም እንዴ? ውኃችንም፣ ከማሳችን ታጥቦ የሚሄደው አፈራችንም እዚያ ነው። እንግዲህ ያገባናል።

ሀ. ታንኳ ቤት ይሆናልን?

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። በጣና ላይ እንደ ሩቅ ምሥራቅ ሰዎች ቤተሰቡን፣ ምድጃውንና ዶሮውን ጭኖ በጀልባ የሚኖር ሕዝብ የለም። ምክንያቱ አዋጅ አይደለም፤ ደንገል ነው። የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ተጠፍሮ ጫፉ ሽቅብ ይቀለበሳል። ሲገባበት ቀላል፣ ሲሠራ ርካሽ፣ ቢሰበር የማያስቆጭ ነው። ግን ውኃ ይጠጣል። ከውሎ በኋላ ከባሕሩ ወጥቶ ዳር ላይ ቆሞ መድረቅ አለበት፤ ዕድሜውም ቢበዛ ከጥቂት ወራት አይዘልም። እንዲህ ያለ ዕቃ ቀን ያውላል እንጂ ሌሊት አያሳድርም።

ስለዚህ የጣና አስጋሪ ሁለት እግሩ በሁለት ቦታ ነው። አንዱ ውኃው ላይ፣ አንዱ ውኃውና የብሱ በሚገናኙበት ረግረግ ላይ። ታንኳው የሚደርቅበት፣ ደንገሉ የሚበቅልበት፣ መረቡ የሚሰጣበት፣ ጎጆው የሚቀለስበት ያ ቀጭን ዳርቻ የቤቱ ግማሽ ነው። ዳርቻውን የነሣኸው ሰው ታንኳውንም ነሥተኸዋል። «በታንኳ ላይ አትኑር» የሚል ቃል በነጋሪት ጋዜጣ ማተም አያስፈልግም፤ ታንኳው የሚደርቅበትን አንድ ስንዝር መሬት መከልከል ይበቃል። የአገራችን ታሪክ በዚህ ረገድ ከሌላው ዓለም የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሌላው ጀልባውን ከለከለ፣ እኛ ዳርቻውን።

ከዚህ ሁለት እግር ኑሮ ጋር ስማቸው አብሮ የሚነሣው ወይጦዎች ናቸው። በደንቢያ፣ በፎገራ፣ በደራና በባሕር ዳር ዙሪያ ታንኳ ሠሪ፣ ዓሣ አስጋሪ፣ በጥንቱ ዘመን ደግሞ ጉማሬ አዳኝ ሆነው ኖረዋል። ወንዶቹ የወፍጮ ድንጋይ ይጠርባሉ፤ ሴቶቹ ከደንገል ምንጣፍና ቅርጫት ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ቋንቋ እንዳላቸው ጽፏል። የይፋጉ ተወላጅ አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በበርሊን አማርኛ ያስተምሩ በነበረበት ዘመን አብሯቸው የሠራው ኢዩጌን ሚትቮክ እ.ኤ.አ. በ1907 ባሳተመው ጽሑፍ ግን ወይጦዎች የሚናገሩት አማርኛ ብቻ ነው። በ137 ዓመት መካከል አንድ ቋንቋ ከነቃሉ ከነተረቱ ሰጠመ። የተረፈ መዝገብ እንኳ የለውም። ማን ይመዝግበው? ዜና መዋዕል የሚጽፈው ለንጉሥ ነው።

ለ. ውኃ መሸሸጊያ፣ ውኃ መጠርጠሪያ

ነገሥታቱ ጣናን ያውቁት ነበር፤ የሚያውቁት ግን እንደ ግምጃ ቤትና እንደ ምሽግ ነው። መከራ በመጣ ጊዜ መጽሐፉም፣ ጽላቱም፣ ወርቁም በታንኳ ወደ ደሴት ይሻገራል። ታላቁ አድያም ሰገድ ኢያሱ ዙፋኑን ባጣ ጊዜ ወደ ጣና ደሴት ነው የገባው፤ እዚያው በ1699 ዓ.ም. ተገደለ፣ በምጽራሃ ደሴትም ተቀበረ። እንግዲህ ውኃ ለንጉሥም ሁልጊዜ አያስጥልም።

በደሴቶቹም ላይ ማን ይኑር ማን አይኑር የሚል ሕግ ከጥንት ጀምሮ ነበረ። በክብራን ገብርኤልና በዳጋ እስጢፋኖስ ሴት እንዳትገባ የገዳሙ ሥርዓት ይከለክላል። በዘጌ ደግሞ ማረስና ከብት ማርባት የተከለከለ ነው፤ ጫካውና ቡናው እስከ ዛሬ የቆየው በዚሁ ሥርዓት ነው። ልብ እንበል፤ አንድ ማኅበር ራሱ አምኖ በራሱ ላይ የሚጥለው ሕግና ሌላው መጥቶ የሚጭንበት ሕግ አንድ አይደሉም። የዘጌ ሰው «አላርስም» ሲል ደኑን ይዞ ይቀራል። የወይጦው ሰው «አታርስም» ሲባል ግን ምን ይዞ ይቀራል?

የእኛው ጎረቤት ዓፄ ቴዎድሮስም ውኃውን ሞክረውት ነበር። በ1858 ዓ.ም. ሰፈራቸው ዘጌ ሳለ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ከቆራጣ በታንኳ ተሻግሮ ነው የገባው። ንጉሡ ከደንገል ታንኳ የበለጠ፣ በመንኮራኩር የሚሄድ ጀልባ በጣና ላይ ለማንሳፈፍ ደክመዋል። በጋፋት መድፍ ያሠራ ሰው ባሕሩንም ሊገዛ ቢመኝ ምን ይገርማል! በመጨረሻው ዘመናቸው ጎንደር በ1859 ዓ.ም. ስትቃጠል፣ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን ራሳቸው አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ «ውኃ ይከልለናል» ያሉት የምጽራሃ ሰዎችም ከእሳት አልዳኑም። ገዥ ሁሉ የማይደርስበትን ኗሪ ይጠረጥራል። ታንኳ ያለው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ይቀድማል፤ ጥርጣሬው ከዚህ ይመነጫል።

ሐ. ርስት ያለውና የሌለው

በእኛ አገር ግን ከጦር ይልቅ የውኃ ሰዎችን የበለጠ ያራቃቸው የርስት ሥርዓት ነው። በበጌምድር ርስት የሚገኘው በዘር ቆጠራ ነው። መሬቱን ከመጀመሪያው ካቀናው አባት ልጅ ነኝ የሚል፣ በአባቱም ይቁጠር በእናቱ፣ ድርሻ ይጠይቃል። ከዚያ ሐረግ የማይመዘዝ ሰው ጥሩ ጎረቤት ቢሆን፣ ጥሩ ባለሙያ ቢሆን፣ ርስት የለውም። ዓፄ ይስሐቅ በ15ኛው ምዕተ ዓመት ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይውረስ ብለው እንዳዘዙ ይነገራል። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪው ቤተ እስራኤልና እስላም ጎረቤቱ በዚሁ መንገድ የሌላ ሰው ጭሰኛ ሆኖ ኖረ።

ወይጦው ግን ከዚህም በታች ተደረገ። የጉማሬ ሥጋ ይበላል ተብሎ ክርስቲያኑ ተጸየፈው። ራሱን እስላም ነኝ ቢልም እስላሙም አልተቀበለውም። በአንድ ዋንጫ አይጠጣም፣ በጋብቻ አይገባም። ስሙ ራሱ ስድብ ሆነ፤ እኛም ልጆች ሳለን ትርጉሙን ሳናውቅ ስንወረውረው አድገናል። ታዲያ ለእንዲህ ያለ ሰው ማን የእርሻ መሬት ይሰጠዋል? ባለርስቱ የማይፈልገው፣ በሬ የሚሰጥምበት፣ በክረምት ውኃ የሚውጠው ረግረግ ቀረለት። ያ ረግረግ በማንም ወረቀት ላይ የእሱ አልነበረም። ማንም ስላልፈለገው ብቻ ነበር የእሱ የሆነው። ይህን ነገር አንርሳው፤ ኋላ ላይ የሚመጣው ሁሉ ከዚህ ይከተላል። ማንም ስላልፈለገው የተተወልህ ቦታ፣ አንድ ቀን የሚፈልገው ሰው ሲመጣ ያንተ አይሆንም።

መ. ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

ቻይናን እንይ። በደቡቡ ባሕር ዳርቻ በጀልባ ተወልደው በጀልባ የሚሞቱ ታንካ የሚባሉ ሕዝቦች ነበሩ። ወደ የብስ ወጥተው ቤት እንዳይሠሩ፣ ለመንግሥት ሹመት የሚያበቃውን ፈተና እንዳይቀመጡ ተከልክለው ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1729 ንጉሠ ነገሥት ዮንግጄንግ በአዋጅ ወደ የብስ መውጣትን ፈቀደላቸው። አዋጁ ወጣ፣ ንቀቱ ግን አልወጣም፤ ከዚያም በኋላ ብዙዎቹ በጀልባ ላይ ቀሩ።

በእንግሊዝ አገር ነገሩ ሌላ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የድንጋይ ከሰልና ሸክላ በቦይ የሚያጓጉዙ ቤተሰቦች በጠባብ ጀልባ ጎጆ ውስጥ ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። ጆርጅ ስሚዝ የሚባል ሰው የልጆቹን መማር ማጣትና የበሽታውን ብዛት እያነሣ ሲጮህ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1877 የቦይ ጀልባዎች ሕግ ወጣ፤ በ1884 ተጠናከረ። ሕጉ ለመኖሪያ የሚያገለግል ጀልባ ሁሉ እንዲመዘገብ፣ ስንት ሰው ሊያድርበት እንደሚችል እንዲወሰን፣ ተቆጣጣሪ እንዲገባበት አዘዘ። ቁጥጥር ነው፤ የሰው ጓዳ ውስጥ መግባት ነው። ግን አንድ ድንቅ ነገር በውስጡ አለ፦ ለትምህርት ጉዳይ ሲሆን ልጁ ጀልባው የተመዘገበበት ቦታ ነዋሪ እንደሆነ ይቆጠራል አለ። እነሆ፣ ሕግ «ቤትህ የት ነው?» ብሎ ጠይቆ መልሱንም ራሱ ሰጠ። ጀልባው አድራሻ ሆነ።

ሆላንድም እ.ኤ.አ. በ1918 የጋሪ ቤቶችንና የመኖሪያ ጀልባዎችን የሚመለከት ሕግ አወጣች። ታይላንድ በ1981 የሱሪን ደሴቶችን ብሔራዊ ፓርክ ባደረገች ጊዜ ደግሞ በጀልባ እየዞሩ የሚኖሩት ሞከኖች በገዛ ባሕራቸው ላይ እንግዳ ሆኑ፤ ከ2004ቱ የሱናሚ አደጋ በኋላ በአንድ መንደር እንዲሰፍሩ ተደረገ። በአፍሪካችን በናይጄሪያ በሌጎስ ከተማ፣ በውኃ ላይ በእንጨት እግር የቆመው የማኮኮ መንደር በ2012 ሐምሌ ወር የ72 ሰዓት ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ከፊሉ ፈረሰ። 72 ሰዓት! ደንገል እንኳ ታጭዶ በዚያ ጊዜ አይደርቅም።

ከእነዚህ ሁሉ የምንማረው አጭር ነው። በውኃ ላይ ስለሚኖር ሰው የሚወጣ ሕግ ከሁለት ነገር በአንዱ ይነሣል፤ ወይ ለሰውየው በማሰብ፣ ወይ ቦታውን በመፈለግ። ሁለቱም የሚናገሩት ቃል አንድ ነው፤ «ለጤናችሁ፣ ለልጆቻችሁ» ይላሉ። የሚለዩት ሰውየው ከተነሣ በኋላ የት እንደደረሰ ሲታይ ነው።

ሠ. ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ

ወደ አገራችን እንመለስ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ሲወጣ የርስት ቆጠራ አከተመ። አዋጁ መሬት የሚሰጠው በግሉ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ነው አለ፤ ዘሩን አልጠየቀም፣ ሃይማኖቱን አልጠየቀም፣ ወንድ ይሁን ሴት አልጠየቀም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማቃለል አይገባም። ለዘመናት «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል የኖረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ «ታርሳለህ ወይ?» ተባለ።

ግን እኮ ችግሩም እዚያው ነው። የተከፈተው በር የአራሽ በር ነው። በሬ የሌለው፣ ሞፈርና ቀንበር ያልያዘ፣ ኑሮው መረብና ደንገል የሆነ ሰው በዚያ በር እንዴት ይግባ? «ታሰግራለህ ወይ? ታንኳህ የሚደርቅበት ዳርቻ ይኸውልህ» የሚል አንቀጽ አልነበረም። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ደግሞ ቀበሌን ፈጠረ። ቀበሌ ከመጣ ወዲህ የከተማ ሰው ማንነቱ ከቤት ቁጥር ጋር ተቆራኘ። መታወቂያው ላይ የቤት ቁጥር አለ። ራሽኑም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሕክምናውም ያንን ቁጥር ይጠይቅ ነበር። የጭቃና የደንገል ጎጆ፣ ባሕሩ ሲሞላ ወደ ኋላ የሚሸሽ፣ ሲጎድል ወደ ፊት የሚጠጋ፣ ምን ቁጥር ይለጠፍበታል?

ይህ ሁሉ ሲሆን ዳርቻው ራሱ እየተወደደ መጣ። ባሕር ዳር በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ1955 ዓ.ም. የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተተከለባትና ትንሽ የወደብ መንደር መሆኗ ቀረ። ከተማ ሲያድግ ፊቱን ወደ ውኃው ያዞራል፤ መናፈሻው፣ ሆቴሉ፣ መንገዱ ሁሉ ዳርቻውን ይሻል። ትናንት ማንም የማይፈልገው ረግረግ ዛሬ የከተማው ምርጥ ቦታ ሆነ። የከተማዋ ወይጦዎችም ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ሲገፉ ኖረዋል። ሰነድ የለህም ሲባሉ ምን ይመልሱ? እውነትም ሰነድ የላቸውም፤ የነበራቸው ማንም ያልፈለገው መሆኑ ብቻ ነበር።

ሥራውም ከሥር ከሥሩ ተነካ። ጉማሬ አደኑ በ1936 ዓ.ም. ከወጣው የአራዊት ጥበቃ አዋጅ ጀምሮ እየጠበበ መጥቶ ቀረ። በ1978 ዓ.ም. ገደማ በሆላንድ ሰዎች እርዳታ ባለሞተር ጀልባና ረጅም መረብ ገባ፤ የደንገል ታንኳ ከሞተር ጋር ተሽቀዳድሞ መች ይችላል? በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ለንግድ የሚሰገርን ዓሣ በፈቃድ አደረገው። በርብና በጉማራ ዓሣው ለመራባት ሽቅብ በሚወጣበት ወራት መረብ መጣል ዘሩን እንደሚያጠፋ የታወቀ ነውና፣ ሕጉ ምክንያት አለው። እኛ ሕግ አይኑር አንልም። ጨረጨራ ላይ በ1988 ዓ.ም. የባሕሩን መውጫ የሚቆጣጠር ግድብ ሥራ ጀመረ፤ በ1995 ዓ.ም. ባሕሩ እጅግ ጎደለና ትልልቆቹ ጀልባዎች እስከ መቆም ደረሱ፤ ገበሬውም በሸሸው ውኃ እግር ገብቶ የባሕሩን ወለል አረሰ፣ ደንገሉም ተጨፈጨፈ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆኖ ፎገራና ሊቦ በጎርፍ ተጥለቀለቁ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እንቦጭ መጣና የደንቢያንና የፎገራን ዳርቻ አለበሰው። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን በዓለም የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ አስገባው። ዓሣው ተመዘገበ፣ ወፉ ተመዘገበ፣ ደንገሉ ተመዘገበ። ደንገሉን አጭዶ ታንኳ ያደረገው ሰውስ?

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት በነፃ የማግኘትና ያለመነቀል መብት ያላቸውን ሲጠቅስ አርሶ አደሩን ይጠራል፣ አርብቶ አደሩን ይጠራል። ሁለቱም ይገባቸዋል። ኑሮው ከውኃ የሆነ ሰው ግን በስሙ አልተጠራም። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ይሉ የለ? የጣናን ልጅ ደግሞ ዳርቻ ጠማው።

ረ. እንግዲህ ምን እንበል?

አንዳንዱ ሰው «ከውኃው ዳር አውጥቶ፣ ደህና ቤት ሠርቶ፣ እንደ ሰው ማኖር ነው» ይላል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ጎርፍ አለ፣ ወባ አለ፣ ቢልሃርዝያ አለ፤ ልጁ ትምህርት ቤት ይፈልጋል። ነገር ግን አስጋሪውን ከባሕሩ አርቆ ባለ ቆርቆሮ ቤት ማስገባት በሬውን ሸጦ ለገበሬው ወንበር እንደ መግዛት ነው። ተመችቶት ይቀመጥ ይሆናል፤ ምን ይበላል?

ሌላው ደግሞ «ጥንታዊ ኑሮ ነው፣ አትንኩት» ይላል። ይህም አያስኬድም። ደንገል ታንኳ ለጎብኚ ፎቶግራፍ ያምራል፤ በማዕበል የሚገለበጥበት ሰው ግን ከፎቶግራፉ ውጭ ነው ያለው። ሰው እንደ ቅርስ ተቀምጦ አይኖርም።

በእኛ አስተያየት ከታሪኩ የሚወጣው ሦስተኛ መንገድ ነው። የእንግሊዙ የ1877 ሕግ ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ አንድ ነገር ግን ገባው። ሰውየው ወደ ሕጉ እስኪመጣ አልጠበቀም፤ ሕጉ ወደ ሰውየው ሄደ። ጀልባውን ቤት ብሎ ጻፈው። በእኛም አገር ዳርቻው ለሚያሰግርበትና ደንገል ለሚያጭድበት ማኅበር በስሙ ቢጻፍለት፣ ታንኳ ማድረቂያው እንደ አውድማ፣ የደንገሉ ሥፍራ እንደ ግጦሽ ቢቆጠርለት፣ ያን ጊዜ ከተማው ዳርቻውን ቢፈልግ እንኳ ከባለቤት ጋር ይነጋገራል፤ ማንም እንደሌለበት ባዶ ቦታ አይገባበትም። ደንገሉንም ከማንም ይልቅ የሚጠብቀው ደንገሉ ሲያልቅ እንጀራው የሚያልቅበት ሰው ነው።

ከእኛ ከደገኞቹም የሚጠበቅ ነገር አለ። ከጉና ጥግ እየታጠበ በርብና በጉማራ የሚወርደው አፈር ባሕሩን እየደለለ ነው። ማሳችንን ባለመከተራችን የምንከስረው እኛ ብቻ ብንሆን ኖሮ የራሳችን ጉዳይ ነበር። ግን ከታች፣ ከወረታ ማዶ፣ በየዓመቱ በደለል የሚሸሽ ዳርቻ ተከትሎ ጎጆውን የሚያዛውር ሰው አለ። «ቤትህ የት ነው?» ሲሉት መልስ ያጣው በአዋጅ ብቻ አይደለም፤ በእኛ ጎርፍም ነው። በአንድ ዋንጫ አልጠጣንም እንጂ፣ የምንጠጣው ከአንድ ውኃ ነው።